ጣቴን ለብቻው አትክሰሱት

ሰው ገጭቻለሁ። ይሄን ከመጀመሪያው የምነግራችሁ ኋላ ላይ “ራሱን ነፃ ለማውጣት ነው ለካ ይሄን ሁሉ የሚዘበዝበው!” እንዳትሉኝ ነው። ነፃ መውጣት አልፈልግም። ጥፋቴን አምኜ ፈርሜያለሁ፣ ቅጣቴንም ከፍያለሁ። የልጁንም ሕክምና እስከ መጨረሻው ሸፍኛለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ከእኔ ጋር መክሰስ የነበረባችሁን ሌሎቹን ወዴት አደረሳችኋቸው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ እየነዳሁ ነበር። ባለቤቴ ከጎኔ አለች። ዝናቡ “ያዝ እንግዲህ” ብሎ ወረደ። የሐምሌ ዝናብ፣ የሁለት ሰው ትንፋሽና የረጠበ ካፖርት አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን መኪና የምትነዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በላብ ተሸፍኖ እንደ ወተት ይነጣል። በድሮዋ ቶዮታዬ ቢሆን እጄን ሰደድ አድርጌ አንዲት ክብ ማዞሪያ ጠምዘዝ፣ አለቀ! ዓይኔን ጨፍኜም አገኛት ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አብረን ኖረን የለ?

አዲሷ ግን ኤሌክትሪክ ናት። ዳሽቦርዷ ላይ ማዞሪያ የሚባል ዘር የለም። በምትኩ መሃል ላይ የሻይ ትሪ የሚያክል ስክሪን ተገትሯል። ሙቀቱም፣ ቅዝቃዜውም፣ ሬዲዮውም፣ መስታወቱም፣ ወንበሩም፣ መብራቱም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ጽሑፉ ደግሞ ቻይንኛ ነው። እዚያ አገር ላሉ ሰዎች ተብላ የተሠራች መኪና ናት እኮ፤ አንድ አስመጪ ገዝቶ አመጣት፣ እኔ ደግሞ ከእሱ ገዛኋት። አብሯት የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ውፍረቱ ጥሩ ነው፤ እኔ ማንበብ የቻልኩት ግን የገጽ ቁጥሮቹን ብቻ ነው።

እናም በዚያ ዝናብ ስክሪኑ ላይ ላብ ማስለቀቂያውን ፍለጋ ገባሁ። “ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ” ማለት ይሄ ነው። ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ሥዕሎች አሉ። አንደኛዋ መስታወት መሰለችኝና ነካኋት። ከግራና ከቀኝ “ዝዝዝ…” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል ሁለቱም ስፖኪዮዎቼ እንደ ደነገጠች አህያ ጆሮ ወደ ኋላ ተጣጥፈዋል። እውነትም መስታወት ነበረች፤ የፊቱ መስታወት ግን አልነበረችም።

አሁን አስቡት። ፊቴ ነጭ ጉም ነው። ጎንና ጎኔን የማይባቸው ስፖኪዮዎች የሉም። ባለቤቴ “ኧረ ተው! ኧረ ቁም!” ትላለች። እኔ ደግሞ በሰው ደንብ ያጠፋሁትን ቶሎ ላስተካክል ብዬ ያችኑ ሥዕል ፍለጋ ዓይኔን ወደ ስክሪኑ መለስኩ። እግሬን ከነዳጅ መስጫው አነሳሁ። (ይቅርታ፣ ነዳጅ እንኳ የላትም፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ነዳጅ መስጫ ነው።) ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እግር ሲነሳላት እንደ ድሮዎቹ እየተንሸራተተች አትሄድም። ሞተሩ ራሱ ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጥና ጉልበቷን ወደ ባትሪው እየመለሰ፣ ፍሬን የተያዘ ያህል ጎትቶ ያዘገያታል። መኪናዬ ዘገየች፣ እኔ ሳላውቅ ደግሞ ወደ ቀኝ አዘመመች። ከኋላ በቀኝ በኩል “ጓ!” አለ።

ሞተረኛ ነው። ምግብ የሚያደርስ ልጅ፤ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ወርጄ ስሮጥ አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው አቅፏል። ሳጥኑ ተከፍቶ የማላውቀው ሰው እራት ጎርፉ ውስጥ ተበትኗል። ልጁ አልጮኸም፣ አልሰደበኝም። “ጋሼ፣ እጄ… እጄን” ብቻ አለኝ። አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። በእጁ ለሚበላ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ትራፊክ ፖሊሱ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ጨዋ ሰው ነው።

“ስልክ እያናገሩ ነበር እንዴ?”

“ኧረ የለም። ስክሪኑን… ላቡን ላስለቅቅ ብዬ፣ በስህተት ሌላ ነካሁና…”

“ያው ነው” አለኝ።

ጻፈ፤ ጥንቃቄ የጎደለው አነዳድ። ፈረምኩ።

“ያው ነው።” ይቺን ቃል ይዤ ነው ያን ሌሊት ሳልተኛ ያደርኩት። ልክ ነው እኮ! ያው ነው! እንግዲያው ያው ከሆነ፣ በእጄ ስልክ ይዤ ብነዳ በሕግ የምቀጣው ሰውዬ፣ የስልኬን አሥር እጥፍ የሚያክል ስልክ ዳሽቦርዴ ላይ በብሎን አስረው ሲሸጡልኝ ለምን “ዘመናዊ” ተባለ? ስልኩን ከኪሴ ባወጣው ወንጀል፣ ፋብሪካው ቢገጥመው ቅንጦት! ስልኩንስ ቢያንስ ካልፈለግሁት እተወዋለሁ። መስታወቴ በላብ ሲታወር ግን ያንን ስክሪን ከመንካት ሌላ ምን ምርጫ ሰጣችሁኝ?

ፈረንጆቹም ይሄን ጣጣ አይተውታል። ጀርመን አገር አንድ ሰው በኃይለኛ ዝናብ ሲነዳ የዝናብ መጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪኑ ሊያስተካክል ብሎ ከመንገድ ወጥቶ ዛፍ ገጨ። የመኪናው ማስተካከያ በስክሪን እንጂ በሌላ አልነበረም። የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ ስክሪኑ እንደ ስልክ ሁሉ በሕጉ ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነው ብሎ የ200 ዩሮ ቅጣትና የአንድ ወር የመንዳት እገዳውን አጸና። የዚያ አገር ዳኞችም እንደኛው ትራፊክ “ያው ነው” አሉ ማለት ነው። ሰውዬው ተቀጣ። የዝናብ መጥረጊያን በዝናብ ውስጥ ዓይን ተነቅሎ ካልታየ የማይታዘዝ አድርጎ የሠራው ግን በዚያ ችሎት ተከሳሽ አልነበረም።

አበው “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይላሉ። አህያው ፋብሪካው ነው፤ ሩቅ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ጠበቃ አለው። አህያው አስመጪው ነው፤ ብር አለው። አህያው ይሄ ዕቃ ሲገባ “እስቲ ጽሑፉ ምን ይላል?” ብሎ መጠየቅ የነበረበት ቢሮ ነው፤ ማኅተም አለው። ዳውላው እኔ ነኝ። ዳውላ ደግሞ ሲመታ አይራገጥም።

“አንተ ደግሞ! በገዛ ጣትህ ተሳስተህ ዓለምን ትከሳለህ?” የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ እንግዲያው ወደ አየር እንውጣ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች አንድ የማይገባ አደጋ ይገጥማቸው ነበር። አብራሪዎቹ በሰላም ካረፉ በኋላ፣ መሬት ላይ እየሄዱ ሳለ፣ የክንፉን ማጠፊያ እንስባለን ብለው የጎማውን ይስባሉ። ጎማው ይታጠፍና አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ “የአብራሪ ስህተት።” አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ግን አብራሪዎቹን ከመገሠጽ ይልቅ የሚቀመጡበት ቦታ ገብቶ አየ። የጎማውና የክንፉ ማንሻዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። ሰውዬው ያደረገው ቀላል ነገር ነው። በጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የላስቲክ ጎማ፣ በክንፉ ማንሻ ጫፍ ላይ ደግሞ ክንፍ የሚመስል ነገር ገጠመ። እጅ ሲዳስስ ይለያል። ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ፊትስና ጆንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች “የአብራሪ ስህተት” የተባሉ 460 ገጠመኞችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ብዙዎቹ ስህተቶች ዕቃው ሲሠራ የተጠነሰሱ ሆነው አገኟቸው። ዛሬም የኛ አየር መንገድ አብራሪዎች ጎማ ሲያወርዱ የሚጨብጡት ማንሻ ጫፉ የጎማ ቅርጽ አለው። ከዚያ ዘመን የቀረ ትምህርት ነው።

ከዚህም የቀረበ አለ፤ ልባችን ውስጥ ያለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሁድ ጠዋት የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ ብዙም ሳይርቅ ተከሰከሰ፤ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ባሕር ማዶ ካሉ አንዳንድ አፎች ምን ሰማን? “የአብራሪዎቹ ሥልጠና…” “የአብራሪዎቹ አያያዝ…” ያኔ ሁላችንም እንደ አንድ ሰው ተነስተን “ልጆቻችንን አትንኩ! ማሽኑን ፈትሹ!” አልን። ማሽኑም ተፈተሸ። የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ጊዜ ወደ ታች የሚደፍቅ ሥርዓት እንደተገጠመለት ዓለም አወቀ። አምራቹ ቦይንግም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ከሟች ቤተሰቦች ጋር በፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ኃላፊነቱን ተቀበለ።

ያን ጊዜ የያዝነው እውነት ምን ነበር? ማሽን ሰውን የሚያሳስት ሆኖ ከተሠራ፣ የተሳሳተውን ሰው ብቻ ማሰር ነገ ሌላ ሰው መግደል ነው የሚል ነው። ታዲያ ይሄ እውነት ለሰማይ ብቻ ነው እንዴ? መገናኛ ሲደርስ ውሸት ይሆናል? ለአብራሪዎቻችን የተከራከርንበትን አንደበት ለአሽከርካሪዎቻችን ለምን ነፈግናቸው? ያን ምሽት የተጻፈብኝ ወረቀት ላይ ስለ እኔ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ መኪናዋ ስክሪን ግን አንዲት መስመር የለም። ማንም ካልጻፈው ማንም አይቆጥረውም፣ ማንም ካልቆጠረው ደግሞ “ችግሩ የለም” ይባላል። ለነገው አሽከርካሪ ግን እዚያው ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

በአደጋው ማግስት ወደ አስመጪው ሱቅ ሄድኩ። ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ተቀበለኝ።

“ልጄ፣ ይሄን ነገር ወደ አማርኛ፣ ካልሆነም ወደ እንግሊዝኛ መቀየር አይቻልም?”

“የዚህኛው ሞዴል አይቀየርም ጋሼ።”

“ታዲያ እንዴት ልንዳ?”

“ጋሼ፣ ይለመዳል!” አለኝ ፈገግ ብሎ።

ይለመዳል! እናንተዬ፣ በዚህ አገር በዚች አንዲት ቃል ያልተሸፈነ ጉድ አለ? መብራት ሲጠፋ ይለመዳል። የጋራ መኖሪያ ቤቱ ውኃ አራተኛ ፎቅ ካልወጣ ይለመዳል። በስልክ ገንዘብ ስትልክ አንዲት ቁጥር ስተህ ደመወዝህ የማታውቀው ሰው ጋ ከሄደ “አይተህ አትነካም ነበር?” ትባላለህ፤ ቀጥሎ ይለመዳል። ፎርሙ ካልገባህ ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ይለመዳል። ዕቃውን ለሰው ማስማማት ከባድ ሲሆን ሰውን ለዕቃው ማልመድ ይጀመራል። በሬን ለቀንበር እንደማልመድ መሆኑ ነው።

ለነገሩ ይሄ “ይለመዳል” የሚሉት ነገር ተፈትኗል። ቪ ቢልኤጋረ የሚባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 አሥራ አንድ አዳዲስ መኪኖችንና አንዲት የ2005 ሞዴል ቮልቮ ይዞ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ወጣ። አሽከርካሪዎቹ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ ወንበር እንደማሞቅ፣ ሬዲዮ እንደመቀየር ያሉ አራት ተራ ሥራዎችን እንዲሠሩ ተደረገ። ልብ በሉ፤ ከፈተናው በፊት ከመኪኖቹ ጋር እንዲለማመዱ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። አሮጊቷ ቮልቮ፣ በተራ ቁልፎቿና በማዞሪያዎቿ፣ ሁሉንም በ10 ሰከንድ አስጨረሰች፤ በዚህ ጊዜ የሄደችው መንገድ 306 ሜትር ነው። መጨረሻ የወጣችው ከቻይና የመጣች ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ 44.9 ሰከንድ ፈጀች፤ 1,372 ሜትር ተጉዛ! ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ዓይን ወደ ስክሪን እየተመላለሰ ማለት ነው። ለምደውም እንኳ።

የኔ ፍጥነት ያን ቀን ከሠላሳ አይበልጥም ነበር። ሠላሳ ማለት በአንድ ሰከንድ ከስምንት ሜትር በላይ ነው። ሦስት ሰከንድ ዓይኔን ብነቅል ሃያ አምስት ሜትር ያህል በጭፍን ሄጃለሁ። በመገናኛ መንገድ ላይ በሃያ አምስት ሜትር ውስጥ ስንት ሰው፣ ስንት ሚኒባስ፣ ስንት ባለ ሱቅ በደረቴ እንዳለ እናንተው ቁጠሩ።

ደግሞስ እስክለምደው ድረስ የሚሰበረው የማን እጅ ነው? የመልመጃ ክፍያውን እኔ ብቻዬን ብከፍል አንድ ነገር ነው። የከፈለው ግን የማላውቀው የሰው ልጅ ነው።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የአገራችን አሽከርካሪ፣ መካኒክና ረዳት ለመኪና አካል ሁሉ ስም አለው። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፓራውልት… ብዙዎቹን ከጣሊያን ወስደን አፋችን ላይ አሟሽተናቸዋል። ፊደል ያልቆጠረ ረዳት እንኳ “ፍሬቻህ አልጠፋም!” ብሎ ይጮህልሃል፤ አንተም እጅህ ሳታየው ይደርስበታል። ስም ማለት ይሄ ነው፤ በአፍና በእጅ መካከል ያለ መንገድ። አሁን ስክሪኑ ላይ ላሉት ሥዕሎች ስማቸው ማነው? ያን ምሽት ባለቤቴ ልትረዳኝ ፈልጋ “የቱን ልንካልህ?” አለችኝ። ምን ልበላት? “ያቺን የተጣመመች መስመር ያለባትን፣ ከዚያች ቀስት ካላት አጠገብ…” እያልኩ ስንተባተብ ነው የተጋጨነው። ስም የሌለውን ነገር ሰው እንዴት ይጠራዋል? ካልተጠራስ እንዴት ይማራል? እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ዳገት ላይ በእጅ ፍሬን አስነስቼ ነው። እግር ሲነሳ ጎትቶ የሚያቆም መኪና አለ ብሎ ያስተማረኝ የለም። ቁልፏን ሲያስረክቡኝ የተሰጠኝ ትምህርት ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ቻርጅ ስለማድረግ ነበር።

አሁን ደግሞ ወዳጆቼ “የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት” ብለው እንዳይፈርጁኝ እፈራለሁ። አይደለሁም! መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ አይገቡም ሲል ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ። ነዳጁ በዶላር ይገዛል፣ ዶላሩ የለንም፤ መብራቱ ግን ከገዛ ወንዛችን ይመነጫል። ሲኖትራክ ከፊቱ ሆኖ ጥቁር ጭስ ሲተፋበት የኖረ ሰው ይሄን ለመረዳት ጥናት አያስፈልገውም። ሞተሯ ድንቅ ናት፤ ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም፣ ዘይት ቀይር አትለኝም። ጠቤ ከሞተሯ ጋር አይደለም። ባትሪ መያዟ ማዞሪያ እንዳይኖራት አያስገድዳትም። ቁልፎቹን ያጠፋቸው የኤሌክትሪክ ሳይንስ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሠላሳ ቁልፍ ሠርቶ፣ ሽቦ ዘርግቶ፣ አንድ በአንድ ከመግጠም አንድ ስክሪን ለጥፎ የቀረውን በሶፍትዌር መጻፍ ይረክሳል። እነሱ ያተረፉትን እኛ በአጥንት እየከፈልን ነው።

ይሄንንም የምለው እኔ ብቻ ብሆን ባልደፈርኩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንኳ ገብቶታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 21 ቀን 2017 ጆን ኤስ. ማኬይን የተባለችው የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 ባሕርተኞች ሞቱ። መርከቧ የምትመራው በንክኪ ስክሪን ነበር፤ ባሕርተኞቹ መሪው በየትኛው ስክሪን እጅ እንዳለ ግራ ተጋብተው ነው ያ የደረሰው። ባሕር ኃይሉ በ2019 የፍጥነት መቆጣጠሪያዎቹን ወደሚጨበጠው የድሮ ማንሻ እንደሚመልስ አስታወቀ። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት ፈታሽ ዩሮ ኤንካፕም እ.ኤ.አ. ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን አምስት ኮከብ ለሚፈልግ አምራች አዲስ መስፈርት አወጣ፤ ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የአደጋ ጊዜ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ይኑራቸው የሚል። የሠለጠነው ዓለም ወደ ቁልፍ እየተመለሰ ነው። እኛስ? እነሱ እየተዉት ያለውን፣ ያውም በማናነበው ቋንቋ፣ “ሥልጣኔ መጣ” ብለን እልል እያልን እንቀበላለን?

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይን አይደለም።

አንደኛ፣ ወደ አገር የሚገባ መኪና ስክሪኑ አገሬው በሚያነበው ቋንቋ ይሁን። መድኃኒት በማናነበው ቋንቋ ተጽፎ ቢሸጥልን “አቤት!” እንላለን። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት ከመድኃኒት ያነሰ አይገድልም። ሶፍትዌሩ የማይቀየር ከሆነ አስመጪው ከመግዛቱ በፊት ይወቀው፤ የማይቀየረውን አያምጣ።

ሁለተኛ፣ ላብ ማስለቀቂያ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ መብራትና ስፖኪዮ በስክሪን ብቻ የሚታዘዙበት መኪና ሲገባ ፈታሹ ቢያንስ ይመዝግበው፣ ገዢውም ይነገረው። ጎማና ፍሬን የሚያይ መርማሪ፣ ዓይን የሚነቅለውንም ነገር ይይ።

ሦስተኛ፣ የማሽከርከር ትምህርት ቤቶች ስለነዚህ መኪኖች ያስተምሩ። ሩብ ሰዓት ሥልጠና አይባልም።

አራተኛ፣ አደጋ ሲመዘገብ “አሽከርካሪው ምን አጠፋ?” ከሚለው ጎን “አሽከርካሪው ምን እያደረገ ነበር? ምን ነክቶ? የት ነው የነበረው ያ ነገር?” የሚል ጥያቄ ይጨመር። ሁለት መስመር ቀለም ነው። በዓመቱ መጨረሻ እነዚያን መስመሮች የሚደምር ሰው ከተገኘ፣ ስንቱ “ጥንቃቄ የጎደለው” ሰው እንደነበርና ስንቱ ጥንቃቄ የጎደለው ዳሽቦርድ እንደነበር እናውቃለን።

ልጁን ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነበር። እጁ በጀሶ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እናቱ ቡና አፈሉልኝ፤ ያን ያህል በድያቸው “እግዜር ነው ያተረፈልን” እያሉ እኔኑ ያጽናኑኛል። ሀፍረቴን ምኑ ቅጡ! ቡናው ሁለተኛው ሲደርስ ልጁ ቀስ ብሎ፣

“ጋሼ፣ ግን… ያኔ ምን እየነኩ ነበር?” አለኝ።

ነገርኩት። ላቡን፣ ስክሪኑን፣ ሥዕሎቹን፣ የተጣጠፉትን ስፖኪዮዎች። ዝም ብሎ ሰማኝና፣

“በጨርቅ አይጠርጉትም ነበር?” አለ።

ሳቅሁ፤ እናቱም ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። እኔም ስወጣ አሰብኩት። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ ለገዛኋት፣ የሻይ ትሪ የሚያክል ስክሪን ለተገጠመላት መኪና መፍትሔው የሚኒባስ ሹፌር ጨርቅ ነው።

ጨርቁን ገዝቻለሁ፤ ከመሪው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ። የሚመለከታችሁ ሰዎች ግን ጨርቅ ገዛ ብላችሁ ፋይሉን እንዳትዘጉት። ልጁ እጁን ያንቀሳቅሳል፣ ሐኪሙ ግን ሞተር ለመንዳት ገና ነው ብሎታል። እኔ ለጣቴ ጥፋት ፈርሜያለሁ። ከእኔ ፊርማ በታች ገና ሦስት የፊርማ ቦታ ባዶ ነው።